ሲቪል ምህንድስና ያዋጣል ወይ? ከጎጃም ሆኖ ሲሰላ

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ሲቪል ምህንድስና ያዋጣል፤ በመነሻ ደመወዙ ግን አያዋጣም። ማዋጣት የሚጀምረው ከተመረቃችሁ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እሱም እስከዚያ እናንተም ቤተሰባችሁም መቆየት ከቻላችሁ፣ በእነዚያ ዓመታትም ገንዘብ የሚያወጣውን ሥራ ከተማራችሁ ነው።

ይህን የምጽፈው ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ነው። እኔ የእነማይ ገበሬ ልጅ ነኝ። ቢቸና ተማርኩ፣ ባሕር ዳር ፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ገባሁ፣ በ2009 ተመረቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሞጣ አካባቢ ሕንፃ ላይ፣ በዳንግላና በእንጅባራ መስመር ደግሞ መንገድ ላይ ሠርቻለሁ። አሁን ያለሁት ባሕር ዳር፣ አንድ አማካሪ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። የአጎቶቼ ልጆች አንድ በአንድ 12ኛ ክፍል እየደረሱ ስለሆነ ነገሩ ለእኔ የቤት ጉዳይ ነው።

ከወጪው እንጀምር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጻ ነው የሚሉ ወላጆች አሉ። ነጻ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት አለ። ተማሪው ውል ይፈርማል። የምግቡና የመኝታው ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶው በስሙ ይመዘገባል። ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ዕዳው እስኪያልቅ ዋናው ዲግሪ እጁ አይገባም፤ በቴምፖራሪ (በጊዜያዊ ማስረጃ) ነው የሚንቀሳቀሰው። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት 22 ብር ነበር፤ በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ስለዚህ አሁን የሚገባ ልጅ የሚፈርመው ዕዳ እኛ ከፈረምነው እንደሚበልጥ ጠብቁ።

በወረቀት ላይ የማይታየው ወጪ ግን ከዚህ ይከብዳል። ሲቪል ያለ ላፕቶፕ አይሆንም። አውቶካድ የሚባለው የንድፍ መሣያ ሶፍትዌር አለ፣ የዲዛይን ፕሮጀክት አለ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ካልኩሌተሩ፣ ፕሪንቱ፣ ፎቶ ኮፒው ማለቂያ የለውም። የእኔ ላፕቶፕ የተገዛው አባቴ ለክረምት ብሎ ያስቀመጠው ጤፍ ተሸጦ ነው። ምደባው ደግሞ በትምህርት ሚኒስቴር ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ አርባ ምንጭ ወይም ጅግጅጋ ሊደርሰው ይችላል። ያኔ የትራንስፖርቱ ብቻ ራሱን የቻለ በጀት ይፈልጋል።

ከሁሉም የሚበልጠውን ወጪ ግን ማንም አይቆጥረውም። አምስት ዓመት ሙሉ ልጁ አይሠራም። እርሻውን አያግዝም፣ የቀን ሥራ አይሄድም፣ ሱቅ አይከፍትም። ያ ገንዘብ ከኪስ ስላልወጣ ወጪ አይመስልም።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹን የእናንተን ቤት እንዲመስሉ አድርጋችሁ ቀይሯቸው። ለልጁ በወር 2,500 ብር ይላክለታል እንበል። በዓመት አሥር ወር፣ ለአምስት ዓመት፣ 125,000 ብር ይሆናል። ባይማር ኖሮ ደግሞ በወር 6,000 ብር እጁ ይገባ ነበር እንበል። በአምስት ዓመት 360,000 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 485,000 ብር። የወጪ መጋራቱ ገና አልተነካም።

ወደ ገቢው እንሂድ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ በአዲሱ የገቢ ግብር ስሌት 2,100 ብር ግብር ይሄዳል። የጡረታ 7 በመቶ 805 ብር ነው። የሚቀረው 8,595 ብር ነው። የወጪ መጋራት 1,150 ብር ሲቆረጥ 7,445 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ አለ።

አሁን አወዳድሩት። የወጪ መጋራቱን ትተን እንኳ፣ በ8,595 እና በ6,000 መካከል ያለው ልዩነት 2,595 ብር ብቻ ነው። 485,000 ብሩን በዚህ ልዩነት ለመመለስ ከ15 ዓመት በላይ ይፈጃል። በመነሻ ደመወዙ አያዋጣም ያልኩት ለዚህ ነው። ልዩነቱ በወር 20,000 ብር ሲደርስ ግን ያው ገንዘብ በሁለት ዓመት ከምናምን ይመለሳል። ስለዚህ ወላጆች መጠየቅ ያለባቸው "ሲመረቅ ስንት ያገኛል?" ብለው አይደለም። "ከመነሻው ለመውጣት ስንት ዓመት ይፈጅበታል? በምን ይወጣል?" ነው መባል ያለበት።

የእኔን ልንገራችሁ። በተመረቅሁበት ዓመት ሥራ አልነበረም። በ2001 አካባቢ መንግሥት ከመቶ ሰባ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ወስኖ ነበር። አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎችም ሲቪል ከፈቱ። እኛ ስንወጣ ገበያው ሞልቶ ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ሁሉ "ሁለት ዓመት ልምድ ያለው" ይላል። ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው አንድ አነስተኛ ተቋራጭ ሳይት ኢንጂነር አድርጎ ቀጠረኝ። ደመወዜ 4,500 ብር ነበር። ሰፈር ውስጥ "ኢንጂነር" እየተባልኩ ለእናቴ የምልከው ነገር አልነበረኝም። ያንን የሚጠብቅ ቤተሰብ ካላችሁ ከአሁኑ ንገሯቸው። ዝምታው ያሳምማል።

የሳይት ሥራ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ፌሮው በዲዛይኑ መሠረት መታሰሩን ታያለህ፣ ካሳፎርማውን (አርማታ የሚሞላበትን ቅርጽ) ታረጋግጣለህ፣ አርማታ ሲሞላ ቆመህ ትውላለህ፣ ማታ ሪፖርት ትጽፋለህ። ሥራውን ወድጄዋለሁ። አሁንም እወደዋለሁ። ደመወዙ ግን በሰዓቱ አይመጣም። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማችኋል። ተቋራጭ የሚከፈለው የሠራው ሥራ ተለክቶ፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ተዘጋጅቶ፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ አይቶ ካጸደቀው በኋላ ነው። አሠሪው መሥሪያ ቤት በጀት ከሌለው ሁሉም ይቆማል። ተቋራጩ መጀመሪያ ሲሚንቶ ለሸጠለት ይከፍላል፤ ሠራተኛው ኋላ ይመጣል። እኔም ለወራት ሳይከፈለኝ ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻውን ጭራሽ አላገኘሁትም።

በእኛ አገር ደግሞ ክረምቱ አለ። ጎጃም ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ቀልድ አያውቅም። አፈር ሥራ ይቆማል። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ግሬደሩም ሮለሩም ይቆማሉ፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ይቀነሳል። ትንንሽ ተቋራጮች ጀማሪ መሀንዲሱንም "ጥቅምት ላይ ና" ይሉታል። ስለዚህ የዓመት ገቢያችሁን ስታሰሉ በአሥራ ሁለት አታባዙ።

ከመነሻው ያወጣኝ ነገር የመጣው ከክፍል አይደለም። ሁለተኛው መሥሪያ ቤቴ ውስጥ አንድ አንጋፋ የኳንቲቲ (የሥራ መጠን ልኬትና ስሌት) ባለሙያ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን ቴክ ኦፍ ሉሆቼን (የሥራ መጠን የማሰላባቸውን ወረቀቶች) አገላብጠው አዩና "ልጄ፣ አርማታውንማ ፎርማኑም ያስሞላል። የሞላኸውን ለክተህ፣ ጽፈህ፣ አስፈርመህ ገንዘብ ስታደርገው ነው ተቋራጭ የሚፈልግህ" አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ማታ እሳቸው ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ።

ምን ማለታቸው እንደነበር በአንድ ነገር ላስረዳ። የእኛ አካባቢ መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መሠረት ስትቆፍር ዲዛይኑ ላይ ካለው ጥልቀት በላይ ልትወርድ ትችላለህ። ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በተመረጠ አፈር ይሞላል። ይህ ተጨማሪ ሥራ ነው፣ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ከመሞላቱ በፊት ከአማካሪው ጋር አብራችሁ ካልለካችሁትና ካልተፈራረማችሁ፣ ነገ መሬት ውስጥ ያለውን ማንም አያምንም። እዚያ ላይ ተገኝቶ ልኬቱን በሥዕል አድርጎ ያስፈረመ ልጅ ለድርጅቱ የራሱን ደመወዝ ብዙ እጥፍ ያስገኛል። ተቋራጭ ይህን ያውቃል። ደመወዝ ጭማሪ ስጠይቅ መጀመሪያ እሺ የተባልኩት ከእንዲህ ዓይነት ሥራ በኋላ ነው።

ስለዚህ ገና ተማሪ ሆናችሁ ይህን ያዙ። ቴክ ኦፍ፣ የክፍያ ሰርተፍኬት፣ የነጠላ ዋጋ ትንተና፣ የውል አንቀጾች። ኤክሴልን አጥብቃችሁ ያዙ። ኢታብስና ሳፕ የሚባሉት የዲዛይን ሶፍትዌሮች ጥሩ ናቸው፤ ግን የዲዛይን ሥራ የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነው፣ የክፍያ ሥራ የሌለበት ሳይት ግን የለም። ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ መጠቀም ከቻላችሁ ደግሞ ሰርቬየር (ቀያሽ) ሲጠፋ እናንተ ትፈለጋላችሁ። አራተኛ ዓመት ላይ ለኢንተርንሺፕ (ለሥራ ላይ ልምምድ) ስትወጡ ብዙ ልጅ ወረቀት አስፈርሞ ቤቱ ይገባል። ኢንተርንሺፑ ከአምስቱ ዓመት ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ጊዜ ነው እላለሁ። የልኬቱንና የክፍያውን ወረቀት የሚያዘጋጀው ኦፊስ ኢንጂነር አጠገብ ቁጭ በሉ። ሻይ አምጣ ቢላችሁም አምጡ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅ። ተቋራጮች ፈቃዳቸውን ለማውጣትና ለማደስ የተመዘገበ ባለሙያ ማሳየት አለባቸው። ስለዚህ ገና ቴምፖራሪያችሁን እንደያዛችሁ "ወረቀትህን አከራየን፣ ሥራ መምጣት አያስፈልግህም" የሚል ሰው ይመጣል። ገንዘብ ለሌለው ልጅ ፈተና ነው። እባካችሁ አታድርጉት። በስማችሁ የሚቆም ሕንፃ ይኖራል፤ እናንተ አላያችሁትም። ችግር ሲመጣ የሚፈለገው ፈራሚው ነው። የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ነው። ደግሞም በወረቀት ሌላ ቦታ ተቀጥራችሁ ስለምትታዩ እውነተኛውን ሥራ ስታገኙ ልምዳችሁ ይጋጫል።

የወረዳ ሥራስ? መንገድ ጽሕፈት ቤት፣ ውሃ ጽሕፈት ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት። ብዙ ጓደኞቼ እዚያ ናቸው። ደመወዙ ያው ያሰላነው ነው፤ ግን በወሩ ይመጣል፣ የውሎ አበል አለው፣ ቤተሰብ አጠገብ ነው። ከተሞቻችን፣ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ደብረ ማርቆስም፣ ቤት የሚሠራ ሰው አያጡም፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ፕላን እየሠሩ የሚደጎሙ አሉ። እሱን አልነቅፍም። የግንባታ ፈቃድ የምትሰጡት እናንተው ከሆናችሁ ግን በዚያ ከተማ ፕላን አትሥሩ።

ስለ ጊዜው ሳልናገር ባልፍ አልጠቅማችሁም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ሳይት ቆሟል። መንገድ ይዘጋል፣ ማሽን አይንቀሳቀስም፣ ሲሚንቶ አይደርስም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የፌሮ ዋጋ ሌላ ሆነ። በቀድሞ ዋጋ ጨረታ ያሸነፈ አነስተኛ ተቋራጭ፣ ውሉ የዋጋ ማስተካከያ ከሌለው፣ እየሠራ ይከስራል። ሲከስር መጀመሪያ የሚለቀው ጀማሪውን ነው። ጓደኞቼ አዲስ አበባ ወርደዋል፣ አንዳንዶቹም ሙያውን ትተው ንግድ ገብተዋል። ባሕር ዳር ላይ በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ እያዩ "እኔም እንዲህ እሠራለሁ" የሚሉ ልጆች አሉ። ደስ ይለኛል፣ እኔም ሳልፍበት ልቤ ይሞቃል። ግን እንዲህ ያለው ፕሮጀክት ብርቅ ነው፤ ሲመጣም የሚፈልገው ልምድ ያለው ሰው ነው። የእናንተ የመጀመሪያ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የገጠር መንገድ ነው የሚሆነው።

የአጎቴ ልጅ ከእኔ ጋር እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሯል። እሱ ከዚያ ወጥቶ ፌራዮ (ፌሮ አሳሪ) ሆነ። እኔ ስመረቅ እሱ ራሱን ችሎ፣ አግብቶ፣ በእጅ ዋጋ ሥራ የሚይዝ ሰው ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከእኔ ይበልጥ ነበር የሚያገኘው። አሁን እኔ እበልጣለሁ፤ የእሱ ወገብም ማመም ጀምሯል። ይህን የምለው ማን አሸነፈ ለማለት አይደለም። ለቤቱ ገንዘብ ዛሬ የሚያስፈልግ ልጅ የእሱን መንገድ ቢመርጥ፣ ወይም ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ቅየሳ ቢማር፣ ማንም ሊንቀው አይገባም። ጎበዝ ሰርቬየር ሥራ ሲያጣ አላየሁም። ዲግሪውንም ቆይቶ በማታ ሊቀጥል ይችላል።

በግል ኮሌጅ ከፍሎ ሲቪል መማር ላይ ሐሳቤ አጭር ነው። ቤተሰቡ መሬት ወይም ከብት ሸጦ የሚከፍል ከሆነ አልመክርም። ከላይ ያለው ስሌት ላይ የትምህርት ክፍያውን ጨምሩበትና እዩት። በ2015 የተጀመረው የመውጫ ፈተናም አለ፤ ከፍላችሁ ተምራችሁ 50 ካላመጣችሁ ዲግሪው የለም። ስለዚህ የምትገቡበት ክፍል ተማሪዎች በመውጫ ፈተና እንዴት እንዳለፉ ሳትጠይቁ አትመዝገቡ።

ለሴት ልጆች ለብቻው አንድ ነገር አለኝ። ከእኔ ጋር የተመረቁ ሴቶች በችሎታ ከእኛ አያንሱም ነበር፤ ግን ካምፕ ያለበት ሳይት ላይ መኝታና መጸዳጃ ለሴት አይታሰብም። "ሳይት ይከብድሻል" እየተባሉ ብዙዎቹ ያልፈለጉት ቢሮ ውስጥ ቀሩ። እኅቴ ብትጠይቀኝ "ግቢበት" እላታለሁ። ሥራ ስትቀበል ግን ከደመወዙ በፊት የት እንደምታድር በጽሑፍ ትጠይቅ።

ታዲያ ማን ይግባ? ሒሳብና ፊዚክስ የማያስጨንቀው፣ ፀሐይና አቧራ የማያሸሸው፣ ከተመረቀ በኋላ አራት አምስት ዓመት በትንሽ ገንዘብ መቆየት የሚችል ልጅ ይግባ። የመጀመሪያውን ደመወዝ ለታናናሾቹ ትምህርት የሚጠብቅ ቤት ከሆነ ግን ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ይነጋገር። የመጀመሪያ ልጅ ላይ የሚጫነው ሸክም ብዙ ጓደኞቼን ሲሰብር አይቻለሁ።

ለገባ ደግሞ የመጨረሻ ምክር፣ የወረቀት ነገር ነው። የወጪ መጋራት ውላችሁን ኮፒ በየዓመቱ አስቀሩ፤ ስትከፍሉ ሒሳቡ የሚጣራው በእሱ ነው። ሥራ ስትቀጠሩ ድርጅቱ ግብርና ጡረታችሁን በስማችሁ እየከፈለ መሆኑን ጠይቁ። የግል ድርጅት የሥራ ልምድ ግብር መከፈሉ ካልተገለጸበት፣ ኋላ ላይ መንግሥት መሥሪያ ቤት አይቀበለውም። ድርጅቱ ሊዘጋ ይችላል፣ ባለቤቱ ሊጠፋ ይችላል። ከአንድ ሳይት ስትለቁ የልምድ ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ተቀበሉ፤ የሠራችሁበትን ፕሮጀክት ስም፣ የሥራ መደባችሁን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ በትክክል አስጽፉ። ማኅተሙንም እዩ።